ክብደት መቀነስ ጀምሮ ላለማቆም፦ የ10 ሳምንት የአጋርነት ስምምነት አሠራር

«ምን መብላት እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ መራመድ እንደሚገባኝም አውቃለሁ፤ ግን ሦስተኛው ሳምንት ላይ አቆማለሁ። ተነሳሽነቱን ከየት ላምጣው?» የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ይቀርብልኛል። ጠያቂዎቹ የምግብ ዝርዝር እንድሰጣቸው አይፈልጉም፤ ዝርዝሩ በእጃቸው አለ። የሚቸግራቸው ወኔው በቀዘቀዘ ዕለት፣ ዝናብ በዘነበ ጠዋት፣ ከሥራ ደክመው በገቡበት ማታ ምን እንደሚያደርጉ ነው። ለሁሉም የምመልሰው አንድ ስለሆነ በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ። ተነሳሽነት እስኪመጣ ከመጠበቅ ይልቅ ሳይመጣም የሚሠራ አሠራር ያበጁ፤ በሰው ፊት ተጠያቂ የሚሆኑትም ሚዛኑ ላይ ለሚታየው ቁጥር ሳይሆን በየቀኑ በገዛ እጅዎ ለሚሠሩት ሥራ ይሁን።

ከመጀመርዎ በፊት ሊያውቁት የሚገባ ማስጠንቀቂያ

ይህ መመሪያ ለአዋቂ ሰው የተጻፈ ነው። ነፍሰ ጡር ወይም የሚያጠቡ እናት ከሆኑ፣ ዕድሜዎ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ፣ ወይም ከዚህ በፊት ምግብ በመተው አለዚያም በልቶ በማስመለስ ታመው ከነበረ ያለ ሐኪም ክትትል አይጀምሩት። ለስኳር በሽታ ኢንሱሊን ወይም ኪኒን፣ ለደም ግፊትም መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ምግባቸውን ከመቀነሳቸው በፊት ሐኪማቸውን ማነጋገር አለባቸው፤ ምግቡ ቀንሶ የመድኃኒቱ መጠን ሳይስተካከል ከቀረ ስኳሩ ወይም ግፊቱ ከሚገባው በታች ወርዶ ራስን ሊያስት ይችላል። ምንም ሳይሞክሩ ክብደትዎ እየቀነሰ ከሆነ ደግሞ ደስ አይበልዎት፤ የሳንባ ነቀርሳ፣ የስኳር በሽታ ወይም የታይሮይድ ዕጢ ሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል አስቀድመው ይመርመሩ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ደብተር። ሥራው 70 ቀን ይፈጃል፤ በቀን አንድ ገጽ ስለሚበቃ ባለ 50 ሉክ ደብተር ይተርፋል።
- የክብደት ሚዛን። የራስዎ ባይኖር የሰፈር ፋርማሲ ወይም የጤና ጣቢያ ሚዛን ይሆናል፤ ዋናው ነገር ሁልጊዜ አንዱን ሚዛን መጠቀም ነው።
- ልብስ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ሜትር።
- ለዘይት ብቻ የሚውል አንድ የሾርባ ማንኪያ።
- በፕላስቲክ ላይ የሚጽፍ ማርከር።
- ቴሌግራም ወይም ሌላ መልእክት መላኪያ ያለበት ስልክ።
- ሶሉ ያላለቀ ጫማ።
- አንድ ሰው። ይህ ከሁሉም በላይ ስለሚያስቸግር በ5ኛው ደረጃ በሰፊው እመለስበታለሁ።

1. መነሻዎን ይለኩ

ጠዋት ከመኝታ ሲነሱ፣ ሽንት ቤት ደርሰው፣ ምንም ሳይቀምሱ፣ በቀላል ልብስ ይመዘኑ። ሚዛኑ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ላይ ይቀመጥ እንጂ ምንጣፍ ላይ አይሁን፤ ወለሉ ከረገበ ቁጥሩ ይዛባል። ቀጥሎ የወገብዎን ዙሪያ ይለኩ። ሜትሩ የሚያርፈው በመጨረሻው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት አናት መካከል ሲሆን የሚነበበውም ትንፋሽ በተለመደው መንገድ ከወጣ በኋላ፣ ሆድ ሳይሳብ ነው። ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር፣ ለወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ የልብና የስኳር በሽታ ሥጋት መጨመር ይጀምራል፤ ለሴት ከ88፣ ለወንድ ከ102 ሲያልፍ ሥጋቱ ከፍተኛ ነው።

ክብደትዎን በኪሎ ግራም፣ ቁመትዎን በሜትር ይዘው ክብደቱን ለቁመቱ ካሬ ያካፍሉ። ለምሳሌ 84 ኪሎ የምትመዝንና ቁመቷ 1.62 ሜትር የሆነ ሴት ውጤቷ 32 ይሆናል። ከ25 ጀምሮ ያለው ከልክ ያለፈ ክብደት፣ ከ30 ጀምሮ ያለው ደግሞ ከፍተኛ ውፍረት ተብሎ ይመደባል።

የመጀመሪያ ግብዎ ከመነሻ ክብደትዎ 5 በመቶው ብቻ ይሁን። ለዚህች ሴት 4.2 ኪሎ ማለት ነው። ግቡ ትንሽ የሆነበት ምክንያት ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚደርስ መቀነስ ብቻውን የደም ግፊትንና በደም ውስጥ ያለውን ስኳር የማሻሻል አቅም ስላለው ነው። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ደህና ፍጥነት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከዚያ በላይ ሊወርድ ይችላል፤ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ በሁለተኛው ሳምንት ፍጥነቱ ሲቀንስ አይደንግጡ። ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው።

2. ምክንያትዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ለምን መቀነስ እንደሚፈልጉ በዓይን በሚታይ ነገር ይጻፉ። «ጤናማ ለመሆን» የሚለው አይበቃም፤ ደክሞ ለመጣ ሰው ምንም አይነግረውም። «አራተኛ ፎቅ ያለው ቢሮዬ ድረስ ሳላርፍ ለመውጣት» ወይም «ጉልበቴ ሳያመኝ ለመስገድ» ቢባል ግን በማንኛውም ቀን ሊፈተሽ ይችላል።

3. ሦስት ሥራዎችን ብቻ ይምረጡ

የመመሪያው እምብርት ይህ ነው። ክብደት በቀጥታ የሚታዘዝ ነገር አይደለም፤ ጨው የበዛበት ራት፣ የወር አበባ፣ የሆድ ድርቀት አንድና ሁለት ኪሎ ከፍና ዝቅ ያደርጉታል። ለማይታዘዝ ነገር ተጠያቂ የሆነ ሰው ሥራውን በትክክል ሠርቶ ሳለ እንዳልሠራ ይቆጠርበታል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሆነበትም ተስፋ ይቆርጣል። የሚመርጡት ሥራ ሊታዘዝ የሚችል፣ የሚቆጠር፣ ማታ ላይ «አዎ» ወይም «አልሆነም» ተብሎ ያለ ክርክር የሚመለስበት መሆን አለበት። «ምግብ መቀነስ» ሥራ አይደለም፤ «ራት ላይ አንድ እንጀራ» ግን ሥራ ነው።

በእኛ ማዕድ ላይ ብዙ ለውጥ የሚያመጡት እነዚህ ናቸው፤ ከመካከላቸው ሦስት ይምረጡ።

ዘይት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው። አራት ሰው ያለበት ቤት በወር 5 ሊትር ዘይት ቢጨርስ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን ወደ 340 ካሎሪ የሚጠጋ ከዘይት ብቻ ይደርሰዋል ማለት ነው። ጀሪካኑ በተከፈተ ዕለት ቀኑን በማርከር ጎኑ ላይ ይጻፉበት፤ ያለቀበትን ቀን ደግሞ በደብተሩ ላይ ያስፍሩ። ያ 5 ሊትር 30 ቀን ይቆይ ከነበረ 50 ቀን እንዲቆይ ማድረግ ጥሩ ግብ ነው። ሽንኩርቱን ውሃ ጠብ እያደረጉ ያለ ዘይት ያቁላሉ፤ ከበሰለ በኋላ ዘይቱን በማንኪያ ቆጥረው ይጨምሩ። ከጀሪካኑ በቀጥታ ወደ ድስት የሚፈሰውን ዘይት ማንም ሊቆጥረው አይችልም።

ስኳር። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። አቦል፣ ቶናና በረካን በሁለት ሁለት ማንኪያ የሚጠጣ ሰው በአንድ የቡና ሥርዓት 24 ግራም ይወስዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ቢቻል በቀን ከ25 ግራም እንዳይበልጥ ከሚመክረው ጋር ሲታይ የቀሩት ሻይና ለስላሳ ቦታ የላቸውም። ከሁለት ወደ አንድ፣ ከአንድ ወደ ግማሽ፣ በየሳምንቱ መቀነስ በአንድ ጊዜ ከመተው ይልቅ ይዘልቃል።

የእንጀራ ቁጥር። ከአንድ ትሪ ሲበላ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም፤ እጅ ከእጅ ጋር ይወርዳል፣ ጨዋታው ይቀጥላል፣ እንጀራው ይጨመራል። ድርሻዎን ከመጀመሪያው በሰሃን ያውጡ፤ ከትሪው መነጠል የሚከብድበት ቤት ከሆነ ደግሞ አንድ እንጀራ ጠቅልለው ከፊትዎ ያስቀምጡና ከእርሱ ብቻ ይቁረጡ። ከትሪው የሚነሳው ወጥ ብቻ ይሆናል።

እርምጃ። በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን፤ ሲደመር ለአዋቂ የሚመከረው ዝቅተኛ መጠን የሆነው 150 ደቂቃ ይሞላል። ፍጥነቱ ማውራት የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የማይቻልበት ይሁን። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ከቆላ የመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ቀስ ብሎ ቢጀምር ይሻላል። ታክሲ ከመድረሻ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ ይቆጠራል። የክረምት ዝናብ ሲይዝ የሚሠራ አማራጭ፣ ለምሳሌ የሕንፃ ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ አስቀድሞ ይጻፍ።

4. እያንዳንዱን ሥራ ከአንድ ቋሚ ነገር ጋር ያያይዙ

«በኋላ እራመዳለሁ» የሚል ሐሳብ ቀኑን ሙሉ ሲዞር ውሎ ማታ ይጠፋል። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፒተር ጎልዊትዘር ያጠናው ቀላል ዘዴ «ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ማዘጋጀት ነው። «ልጄን ትምህርት ቤት እንዳደረስኩ በዚያው 30 ደቂቃ እራመዳለሁ»፤ «ሲኒው እንደቀረበልኝ የስኳሩን ዕቃ ለጎረቤቴ አሳልፋለሁ»። ሰዓቱ ወይም ድርጊቱ ሲመጣ ሥራውም አብሮ ስለሚመጣ በየዕለቱ ከራስ ጋር መደራደር ይቀራል። ለሦስቱም ሥራዎች አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ።

5. አጋር ይምረጡ

እ.ኤ.አ. በ1999 ሪና ዊንግና ሮበርት ጄፈሪ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት ብቻቸውን መጥተው በተለመደው መንገድ ክብደት ለመቀነስ ከተመዘገቡት ሰዎች ፕሮግራሙን የጨረሱት 76 በመቶ ሲሆኑ፣ ከሦስት ወዳጆቻቸው ጋር ከመጡትና እርስ በርስ እንዲደጋገፉ ከተደረጉት ግን 95 በመቶው ጨርሰዋል። የቀነሱትን ክብደት ከአራተኛው እስከ አሥረኛው ወር ሙሉ በሙሉ ጠብቀው የቆዩት ደግሞ በመጀመሪያው ወገን 24፣ በሁለተኛው 66 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ የሰው ነው፤ ስለዚህ በምርጫው አይቸኩሉ።

አጋርዎ የሚከተሉትን ያሟላ፦ ቃሉን የሚጠብቅና ሰዓት የሚያከብር፤ ሲነግሩት የማይስቅብዎትና ለሌላ የማያወራ፤ ሲዋሹት ደግሞ የሚታወቀው። ክብደት መቀነስ ባይፈልግም ችግር የለውም። እርሱ የራሱን ሦስት ሥራዎች፣ ምናልባት ማንበብን ወይም ገንዘብ መቆጠብን፣ ቢያስመዘግብ አጋርነቱ የሁለት ወገን ስለሚሆን ይጠነክራል።

በእኔ አስተያየት የትዳር ጓደኛ አጋር ባይሆን ይሻላል። ባልና ሚስት ስለ አንድ ጉርሻ ሲጠያየቁ ነገሩ በቶሎ ሌላ ቅያሜ ይጎትታል፤ የትዳር ጓደኛ ድጋፉ በቤት ውስጥ ያለውን ዘይትና ለስላሳ በመቀነስ ይሁን። የቅርብ አለቃና በጣም የሚያፍሩት ሰውም አይመረጡ፤ ካፈሩት ይደብቁታል። በሌላ አገር ያለች እህት ግን በጣም ጥሩ አጋር ልትሆን ትችላለች። ሪያድ ካለች ሰዓቱ አንድ ነው፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ ዋሽንግተን እንደ ወቅቱ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደኋላ ስለምትቀር የእርስዎ ማታ ለእርሷ ከሰዓት በኋላ ይሆናል።

አጋሩ ምን እንደሚጠበቅበት ከመጀመሪያው ይታወቅ። እቁብ የገባ ሰው ዋስ ይጠራል፤ ዋሱም ባለዕዳው ቢጠፋ ይከፍላል። የክብደት አጋር ግን ምስክር እንጂ ዋስ አይደለም፤ የእርስዎን ሥራ አይሸከምም፣ አይለምንዎትም፣ አይመክርዎትም። ሲጠይቁት እንዲህ ብለው መጻፍ ይችላሉ፦

«ሰላም እህቴ፣ ለ10 ሳምንት ክብደት ለመቀነስ ወስኛለሁ። በየቀኑ ማታ 3 ሰዓት ላይ አጭር መልእክት እልክልሻለሁ። እንድትመክሪኝ አይደለም፤ እንድታይልኝ ብቻ ነው። ሳልክ ከቀረሁ ግን በማግስቱ ጠዋት ‹ምነው ጠፋሽ?› ብለሽ ጠይቂኝ። ትችያለሽ?»

«እሞክራለሁ» የሚል መልስ እሺታ አይደለም። ቅር ሳይሰኙ ሌላ ሰው ይጠይቁ።

6. ስምምነቱን በወረቀት ያስፍሩ

አንድ ገጽ ይበቃል። የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ ሦስቱ ሥራዎች፣ መልእክቱ የሚላክበት ሰዓት፣ የመመዘኛው ቀን፣ የቅጣቱ ዓይነትና የሁለታችሁ ፊርማ ይኑርበት፤ ፎቶ አንስታችሁም በየስልካችሁ አስቀምጡት። 10 ሳምንት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 በለንደን ባሳተሙት ጥናት አንድ አዲስ የዕለት ሥራ ያለ ማሰብ የሚሠራ ልማድ እስኪሆን የወሰደው መካከለኛ ጊዜ 66 ቀን ነበር፤ ከሰው ሰውም በጣም ይለያያል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ከባድ ሆኖ ከተሰማዎት ገና ልማዱ ስላልበሰለ ነው።

በቅጣቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሥራውን ላልሠራበት ቀን ገንዘብ የሚከፍል ሰው ከጊዜ በኋላ ሳይሠራ «ሠርቻለሁ» ማለት ይጀምራል። ስለዚህ ቅጣቱ በዝምታ ላይ ይሁን፦ «አልሆነም» ብሎ የጻፈ ምንም አይከፍልም፤ ሳይጽፍ ያደረ ግን ይከፍላል። እንዲህ ሲሆን እውነት መናገር ከመደበቅ ይረክሳል። መጠኑ የሚሰማ ግን ኑሮን የማይጎዳ ይሁን፤ ወደ አጋርዎ ኪስ ሳይሆን ለተቸገረ ሰው ይሂድ።

7. በየማታው መልእክት ይላኩ

መልእክቱ አጭር ሆኖ ሁልጊዜ አንድ ቅርጽ ይኑረው። ናሙናው ይህ ነው፦

«ቀን 12።
እርምጃ፦ አዎ፣ 35 ደቂቃ።
ቡና፦ አዎ፣ በግማሽ ማንኪያ።
ራት፦ አልሆነም። አንድ ተኩል እንጀራ በላሁ፤ ምሳ ስላልበላሁ ርቦኝ ነበር።
ነገ፦ ምሳ ይዤ እወጣለሁ።»

የአጋሯ መልስ፦ «አየሁ። ነገ 6 ሰዓት ላይ ምሳ ዕቃሽን መያዝሽን እጠይቅሻለሁ።»

አራተኛውን መስመር ልብ ይበሉ። ስሕተቱ የታየው ራት ላይ ቢሆንም ምክንያቱ ምሳ ላይ ነበር፤ በጽሑፍ ባይወጣ ኖሮ «ፈቃደ ደካማ ነኝ» ተብሎ ይታለፍ ነበር። እኔ ራሴ ከደብተሬ ያገኘሁት ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፤ በሁለት ወር ውስጥ «አልሆነም» ብዬ ከጻፍኩባቸው ማታዎች አብዛኞቹ ምሳ የዘለልኩባቸው ቀናት ነበሩ።

በድምፅ ከመላክ መጻፍ ይመረጣል። ድምፅ ወደ ረጅም ማብራሪያና ይቅርታ ይወስዳል፣ ተመልሶም አይቆጠርም። አጋሩ ደግሞ ወቀሳም ሙገሳም ሳያበዛ «አየሁ» ይበል፤ ዕለቱን ለማስታወስ የሚያስፈልግ አንድ ጥያቄ ካለው ብቻ ይጨምር። ብዙ ሙገሳ የለመደ ሰው ሙገሳው በቀረ ዕለት ሥራውም ይቀርበታል።

8. በሳምንት አንድ ቀን ይመዘኑ

ቅዳሜ ጠዋት፣ በ1ኛው ደረጃ እንደተገለጸው ሁኔታ ይመዘኑና ቁጥሩን በደብተር ይጻፉ። በየመንገዱ ዳር ሚዛን ይዘው በሚቀመጡ ልጆች ዘንድ መመዘን ለጨዋታ ካልሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሚዛኑ በድንጋይ ንጣፍ ላይ ተዘንብሎ ይቀመጣል፣ እርስዎም ጫማና ካፖርት አድርገው በልተው ነው የሚወጡበት። የወገብ ልኬት በወር አንድ ጊዜ ይበቃል።

መመዘኑ የሚጠቅመው አቅጣጫን ለማየት ነው። ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሰው አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የጠበቁ ሰዎችን የሚከታተለው፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ የተመሠረተው የክብደት ቁጥጥር ብሔራዊ መዝገብ ከአባላቱ ሦስት አራተኛ ያህሉ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ እንደሚመዘኑ መዝግቧል።

ቁጥሩን ሲያዩ በአንድ ሳምንት አይወስኑ፤ አራት ሳምንት ይጠብቁ። ከአራት ሳምንት በኋላ ክብደቱም ወገቡም ካልተንቀሳቀሰ ወደ ዕለታዊ ገጾቹ ይመለሱና «አዎ» ያሉባቸውን ቀናት ይቁጠሩ። በሳምንት ከ5 ቀን በታች ከሆነ ሥራው ስለከበደዎት ነውና ያቅልሉት፦ 30 ደቂቃው 15 ይሁን፣ ግን በየቀኑ ይሠራ። 5 ቀንና ከዚያ በላይ ሠርተው ካልቀነሱ ግን የተመረጡት ሥራዎች አይበቁም ማለት ነው፤ አንዱን ያጥብቁ ወይም በሌላ ይለውጡ። ሁለቱን ሳይለዩ ምግብን ጭራሹን መቁረጥ ነው ሰውን የሚያሰናክለው።

9. ቤተሰብንና አስተናጋጅን አስቀድመው ያነጋግሩ

በእኛ ዘንድ ሰው ሲወፍር «ተመችቶሃል» ይባላል፤ ሲከሳ ደግሞ «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» ይባላል። ይህ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ነገር ግን ያልተዘጋጀን ሰው ያስቆመዋል። እናቴ አምስት ኪሎ በቀነስኩበት ወር አልነገርኳትም ነበርና አንድ እሑድ በቅቤ የራሰ ገንፎ በፌስታል ጠቅልላ፣ ሁለት ታክሲ ይዛ መጣች፤ ዓይኗ ላይ የነበረው ጭንቀት እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ታምሜ መስሏት ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ለወላጆችዎና በአንድ ማዕድ ለሚቀርቡ ሁሉ በግልጽ ይንገሩ፦ «አልታመምኩም፤ ጤንነቴን ለመጠበቅ ሆን ብዬ ነው፤ ጭራሹን ሳልበላ ብገኝ እንጂ በልክ ስበላ አትጨነቁ።»

ግብዣ ላይ «በሞቴ» ሲባል እምቢ ማለት ከባድ ነው። የሚከተሉት ይሠራሉ። አንደኛ፣ ጉርሻውን ይቀበሉ፤ አንድ ጉርሻ ፍቅር ነው፣ ክብደት አያመጣም፤ የሚጎዳው ከጉርሻው በኋላ የሚታጠፈው ሁለተኛ እንጀራ ነው። ሁለተኛ፣ ቀስ ብለው ይብሉና ጥቂት ከፊትዎ ያስቀሩ፤ አስተናጋጅ የሚጨምረው ባዶ ሰሃን ሲያይ ነው። ሦስተኛ፣ ተነሥተው እጅዎን ይታጠቡ፤ «እጅሽ ይባረክ፣ ጠግቤአለሁ» ብሎ እጁን የታጠበን ሰው ማንም ወደ ትሪው አይመልሰውም። አራተኛ፣ ከመሄድዎ በፊት ለአጋርዎ «ዛሬ ግብዣ አለ፤ አንድ እንጀራ፣ ለስላሳ የለም» ብለው ይጻፉ፤ ውሳኔው በጠገበ ሆድና በረጋ ልብ ስለሚወሰን ማዕዱ ላይ አዲስ ክርክር አይነሣም።

10. ለጾምና ለበዓል የተለየ ገጽ ያዘጋጁ

በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሥጋና ቅቤ ስለቀረ ብቻ ክብደት ይቀንሳል ብሎ መጠበቅ ያሳዝናል። ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖ፣ በዘይት የዋኘ ሽሮና ዳቦ የጾም ምግቦች ናቸው፤ እስከ 9 ሰዓት የቆየ ሰው ደግሞ ፈጥኖ ይበላል። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከአጋርዎ ጋር ተቀምጠው ሥራዎቹን ያስተካክሉ፦ የዘይት ማንኪያውን ቁጥር ያጥብቁ፣ የመጀመሪያው ማዕድ በምስር፣ በአተር ክክ ወይም በሽምብራ ይጀምር፤ እነዚህ ፕሮቲን ስላላቸው ቶሎ አያስርቡም። በረመዳን የመልእክቱን ሰዓት ከተራዊህ (ከረመዳን የማታ ሶላት) በኋላ ወዳለው ጊዜ ያዛውሩት፤ እርምጃው ከኢፍጣር አንድ ሰዓት ያህል በኋላ ይሁን፤ ሳምቡሳውም በቁጥር ይወሰን። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ለማንኛውም ጾም ሐኪሙን ያማክር።

ለበዓል አስቀድሞ የተቆረጠ ዕረፍት ይስጡ፤ ለምሳሌ ለፋሲካ ከእሑድ እስከ ማክሰኞ። በእነዚህ ቀናት ሥራዎቹ ይቀራሉ፣ መልእክቱ ግን አይቀርም። የመመለሻው ቀን የተጻፈ ከሆነ በዓሉ አልፎ ሁለት ሳምንት አይጎተትም። አቅሙ ያለው ሰው ደግሞ የ10 ሳምንቱን መጨረሻ ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አብዛኛውን ጊዜ በኅዳር ወር ከሚካሄደው የታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ 10 ኪሎ ሜትር ጋር ቢያገጣጥመው ጥሩ ነው፤ ርቀቱን በእርምጃ የሚጨርሱ ብዙዎች ናቸው።

11. ሲቋረጥ በማግስቱ ይመለሱ

መቋረጡ አይቀርም። ቀደም ሲል የጠቀስኩት የለንደኑ ጥናት አንድ ቀን መዝለል የልማዱን መብሰል ይህ ነው በሚባል ደረጃ እንደማያደናቅፍ አሳይቷል፤ የሚያደናቅፈው ተከታትሎ መዝለል ነው። ስለዚህ ሕጉ አንድ ይሁን፦ ሁለት ቀን በተከታታይ አይለፍ። በሁለተኛው ቀን ሙሉውን መሥራት ካቃተዎት 10 ደቂቃ ተራምደው «አዎ፣ 10 ደቂቃ» ብለው ይጻፉ። ለአንድ ሳምንት ጠፍተው ከነበረም ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም፤ «ተመልሻለሁ። ቀን 31።» ይበቃል። የትናንቱን ለማካካስ ዛሬ አለመብላት ግን የተከለከለ ነው፤ ጾሞ የዋለ ሰው ማታ ከትናንቱ የበለጠ ይበላል።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸሙ ስሕተቶች

ሃያ ሰው ያለበት ቡድን መክፈት። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ይጽፋል፤ በሦስተኛው የጠዋት ሰላምታና የአበባ ሥዕል ብቻ ይቀራል፤ የጠፋውንም ማንም አይፈልገውም። ከሁለት እስከ አራት ሰው ይበቃል።

ማን የበለጠ ቀነሰ ብሎ መወዳደር። ወንድ ከሴት፣ ከባድ ሰው ከቀላል ሰው ቶሎ ይቀንሳል፤ ውድድሩ ከመጀመሪያው የተዛባ ነው፤ የሚያፎካክረውም ውሃና ምግብ በመተው ነው።

ማቅጠኛ እየተባለ የሚሸጥ ሻይ መጠቀም። ብዙዎቹ ሰና የተባለውን የሚያስቀምጥ ቅጠል ይይዛሉ፤ የሚያወጡት ውሃ እንጂ ስብ አይደለም፤ ሲዘወተሩም በሰውነት ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ያወርዳሉ፣ ይህም ልብን ይጎዳል።

ምልክቶችን ችላ ማለት። ራስ ማዞርና መውደቅ፣ የልብ ምት መዛባት፣ የወር አበባ መቅረት፣ ተደብቆ መብላት ወይም በልቶ ማስመለስ ከታየ ስምምነቱ በዚያው ቀን ይቁምና ወደ ሐኪም ይሂዱ። ይህን ለማየት አጋርዎ ከማንም ይቀርባል፤ እንዲነግርዎትም አስቀድመው ፈቃድ ይስጡት።

ግቡ እንደተመታ ሁሉንም ማቆም። በ70ኛው ቀን ሁለታችሁ ተገናኝታችሁ ደብተሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቡት። ከሦስቱ ሥራዎች ያለ ማስታወሻ የሚሠራው የትኛው እንደሆነ ለዩና እርሱን ከመልእክቱ አውጥታችሁ በሌላ ተኩት። የዕለት መልእክቱ ወደ ሳምንታዊ ሊቀየር ይችላል፤ የቅዳሜው ሚዛን ግን ይቀጥላል። ካረፉበት ክብደት 2 ኪሎ ወደ ላይ ወጥቶ ለሁለት ቅዳሜዎች ከቆየ በዚያው ማታ 3 ሰዓት ላይ «ቀን 1» ብለው ይላኩ።